ፍጥነትና ትክክለኛነት በብሎግ መፈለጊያዎች ዘንድ

የአንድ የንግድ ቤት ስም የሚነሣው ባለቤቱ ባለበት ቦታ ብቻ እንዳልሆነ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ባለቤቱ በሌለበት የሚነገረው ነገር፣ ምስጋናም ይሁን ወቀሳ፣ ወደ ጆሮው እስኪደርስ ድረስ ቀን ይፈጃል፤ በዚያም መካከል ዕቃው ይመለሳል፣ ደንበኛውም ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል። ቀድሞ ይህን ወሬ ለቅሞ የሚያመጣው ደላላው፣ የመኪና ረዳቱ ወይም ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ደንበኛ ነበረ። ዛሬ ግን ብዙው ወሬ ተጽፎ በኢንተርኔት ላይ ስለሚውል፣ ለቃሚውም መሣሪያ ሆኗል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱን ወገን፣ ይኸውም ብሎግ የሚባሉትን ገጾች ብቻ ለመፈለግ ተሠርተው የነበሩትን መፈለጊያዎች ነው። አብዛኞቹ ዛሬ ተዘግተዋል። ስለ ተዘጋ ነገር መጻፍ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መሣሪያዎቹ ከ2002 እስከ 2014 ድረስ የተፈተኑበት ጥያቄ፣ «ቶሎ ይምጣልኝ ወይስ በትክክል ይምጣልኝ» የሚለው፣ ዛሬ በምንገለገልባቸው መፈለጊያዎች ሁሉ ውስጥ እንዳለ ይገኛልና ነው ብለን እንመልሳለን። ዘመኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፋቸውን አንባቢው ይገንዘብልን።

ነገሩ ነጋዴን በቀጥታ የሚነካ መሆኑን ለማስረዳት አንድ የታወቀ ታሪክ እንጥቀስ። ክሪፕቶናይት የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጠንካራ የብስክሌት ቁልፍ በመሥራት ስሙ የተጠራ ነው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2004 አንድ ብስክሌተኛ፣ ዋጋው ውድ የሆነው የዚህ ኩባንያ ቁልፍ በተራ የቢክ እስክሪብቶ ቀፎ ሊከፈት እንደሚችል በብስክሌተኞች የመወያያ ገጽ ላይ ጻፈ። በሁለት ቀን ውስጥ ወሬው ወደ ብሎጎች ተዛመተ፤ ቁልፉ ሲከፈት የሚያሳይ ፊልምም ተያይዞ ይታይ ነበር። በ17ኛው ቀን ኒው ዮርክ ታይምስ ጻፈው። ኩባንያው ቁልፎቹን በነጻ እንደሚለውጥ በይፋ ያስታወቀው በ22ኛው ቀን ሲሆን፣ ወጪው ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ በጊዜው ተገምቶ ነበር። ከመጀመሪያው ጽሑፍ እስከ ኩባንያው ማስታወቂያ 10 ቀን አለፈ ማለት ነው፤ በእነዚህም ቀኖች ወሬውን የሚያነበው ሕዝብ በየሰዓቱ ይጨምር ነበር። ከዚህ በኋላ ብዙ የንግድ ድርጅቶች በብሎግ ላይ ስለ እነርሱ የሚጻፈውን በየቀኑ የሚያነብ ሰው እስከ መቅጠር ደረሱ። ያ ሰው ታዲያ በምን መሣሪያ ይፈልግ?

ብሎግ ማለት ባለቤቱ በየጊዜው አዲስ ጽሑፍ የሚጨምርበት፣ አዲሱ ከላይ አሮጌው ከታች ሆኖ በቀን ተራ የሚታይበት ገጽ ነው። ዌብሎግ የሚለው ስም በ1997 ወጣ፤ በ1999 አጥሮ ብሎግ ተባለ። በዚያው በ1999 ብሎገር የተባለው አገልግሎት ተከፍቶ፣ የኮምፒዩተር ሙያ የሌለውም ሰው የራሱን ገጽ በጥቂት ደቂቃ እንዲያወጣ ስላስቻለ ቁጥሩ እጅግ በዛ። ቴክኖራቲ የተባለው መፈለጊያ በ2006 አጋማሽ ከ50 ሚሊዮን የሚበልጡ ብሎጎችን እንደሚከታተልና በየቀኑም 1.6 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ጽሑፎች እንደሚወጡ ገልጿል። ይህም በያንዳንዱ ሰከንድ 18 ያህል ጽሑፍ መሆኑ ነው።

በዚያን ጊዜ ጠቅላላው መፈለጊያ ለዚህ ዓይነቱ ጎርፍ የተዘጋጀ አልነበረም። ጉግል እንኳ እስከ 2003 ድረስ ማውጫውን በመላው የሚያድሰው በወር አንድ ጊዜ ያህል ነበር። ለመጽሐፍ ቤት ለመሰለ ሥራ ይህ ይበቃል፤ ትናንት ማታ ስለ ተጻፈ ቅሬታ ለሚጠይቅ ነጋዴ ግን አይረባውም። የብሎግ መፈለጊያዎች የተወለዱት በዚህ ክፍተት ነው።

ዘዴያቸው እንዲህ ነበር። ጠቅላላው መፈለጊያ ከገጽ ወደ ገጽ እየዞረ «አዲስ ነገር አለ ወይ» ብሎ ይጠይቃል። ብሎግ ግን ጽሑፍ ባወጣ ጊዜ ራሱ ሄዶ ያንኳኳል፤ ይህ ማንኳኳት ፒንግ ይባላል። የፒንጉን መልእክት ተቀብለው ለመፈለጊያዎች የሚያከፋፍሉ ማእከሎች ነበሩ። ከእነዚህ ቀዳሚው ዌብሎግስ ዶት ኮም ሲሆን፣ ያቋቋመው ዴቭ ዋይነር በኦክቶበር 2005 ለቬሪሳይን ኩባንያ በ2.3 ሚሊዮን ዶላር ሸጦታል። ማንኳኳቱን የሰማው መፈለጊያ ከብሎጉ ፊድ የሚባለውን፣ የአዳዲስ ጽሑፎች ርእስ፣ ቀንና ቃል በሥርዓት የተደረደረበትን ዝርዝር ወስዶ ወደ ማውጫው ያስገባል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባናል፤ ስለ ፍጥነት ሲነገር ሁልጊዜ የሚምታቱት እነዚህ ሁለቱ ናቸውና። አንደኛው የመልስ ፍጥነት ነው፤ ይኸውም ጥያቄውን ጽፈን ቁልፉን ከነካን በኋላ ዝርዝሩ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ነው። ሁለተኛው የመድረስ ፍጥነት ነው፤ ይኸውም ጽሑፉ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ በመፈለጊያው ዘንድ እስኪታይ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። መፈለጊያዎች በገጻቸው ራስ ላይ «በ0.2 ሰከንድ ተገኘ» ብለው የሚያሳዩት የፊተኛውን ነው። ነጋዴውን የሚጎዳው ወይም የሚጠቅመው ግን የኋለኛው ነው። ጽሑፉ ገና ወደ ማውጫው ካልገባ፣ «ምንም አልተገኘም» የሚለውን መልስ በቅጽበት ማግኘት ምን ትርፍ አለው? ይባስ ብሎም «ስለ እኔ የሚወራ የለም» ብሎ ተዝናንቶ እንዲቀመጥ ያደርገዋል።

የገቢ ደብዳቤ መዝገብ የያዘ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ደብዳቤው ከፖስታ ቤት እንደመጣ ሳይነበብ ወደ አለቃው ጠረጴዛ ቢላክ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ነገር ግን ማስታወቂያው፣ የበዓል ካርዱና የባንኩ ማስጠንቀቂያ ተደባልቆ ስለሚቀርብ አለቃው ቁም ነገሩን ለይቶ ለማግኘት ይቸገራል። ጸሐፊው እያንዳንዱን አንብቦ፣ በየጉዳዩ ለይቶ፣ ከቀድሞው ፋይል ጋር አያይዞ ቢያቀርብ ደግሞ ሥራው የተጣራ ይሆናል፤ ሆኖም የባንኩ ማስጠንቀቂያ አንድ ቀን ሊያድር ይችላል። መፈለጊያውም ከዚህ ምርጫ አያመልጥም።

በመሣሪያው ውስጥ ያለው ማውጫ በመጽሐፍ መጨረሻ እንደሚገኘው የቃላት ማውጫ ነው፤ በያንዳንዱ ቃል አንጻር ቃሉ ያለባቸው ጽሑፎች ቁጥር ተመዝግቦ ይኖራል። መልስ በቶሎ የሚመጣው መፈለጊያው ጽሑፎቹን ሁሉ ስለሚያነብ ሳይሆን ይህን ማውጫ ብቻ ስለሚገልጥ ነው። ችግሩ አንድ አዲስ ጽሑፍ ሲመጣ በውስጡ ላሉት 300 የተለያዩ ቃላት 300 ቦታ ላይ ቁጥር መጨመር ማስፈለጉ ነው። በሰከንድ 18 ጽሑፍ ሲመጣ ትልቁን ማውጫ እንዲህ እያፈረሱ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ብልሃቱ ሁለት ማውጫ መያዝ ነው። አንዱ የቅርብ ጊዜውን ብቻ የያዘ ትንሽ ማውጫ ሲሆን በኮምፒዩተሩ ፈጣን ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላው ትልቁና የቆየው ነው። ጥያቄ ሲመጣ ሁለቱም ይጠየቃሉ፤ ትንሹም በየጊዜው ወደ ትልቁ ይቀላቀላል። የዕለቱን ገቢና ወጪ በትንሽ ደብተር ይዞ ማታ ወደ ትልቁ መዝገብ የሚገለብጥ የሂሳብ ሠራተኛ አሠራር ከዚህ የተለየ አይደለም።

እንግዲህ መፈለጊያዎቹን በየተራ እንመልከት። ቴክኖራቲን ዴቪድ ሲፍሪ በ2002 በሳን ፍራንሲስኮ አቋቋመው። ልዩ ጠባዩ አንድን ብሎግ ስንት ሌሎች ብሎጎች እንደሚጠቅሱት መቍጠሩ ነበር፤ ብዙ የተጠቀሰው ብሎግ የበለጠ ተሰሚነት እንዳለው ይቆጠርለታል። ይህ ለነጋዴ ጥሩ ነገር ነው፤ ቅሬታውን የጻፈው ሰው ሦስት አንባቢ ያለው ይሁን ሦስት መቶ ሺህ ለይቶ ያሳየዋልና። የመድረስ ፍጥነቱም በጊዜው የሚደነቅ ነበር፤ ፒንግ በደረሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጽሑፉን ማሳየት ይችል ነበር። ነገር ግን የብሎጎች ቁጥር በየስድስት ወሩ ያህል እጥፍ እየሆነ ሲሄድ መሣሪያው ሸክሙ ከበደው። በ2004ና በ2005 ገጹ ብዙ ጊዜ መልስ ሳይሰጥ እንደሚቀር፣ ቁጥሮቹም አንዱ ከሌላው እንደማይስማሙ ተጠቃሚዎቹ አጥብቀው ይናገሩ ነበር። ፈጥኖ ይሰበስባል፣ ዘግይቶ ይመልሳል ማለት ነው።

ፊድስተር በ2003 ሲነሣ ከፊዶች ብቻ እየሰበሰበ በቀን ተራ መደርደርን መረጠ። አዲሱ ሁልጊዜ ከላይ ስለሚሆን ለፈላጊው ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ቁም ነገር ያለው ጽሑፍ ከአንድ ሰዓት በኋላ በሌሎች ተቀብሮ ይገኛል። በ2004 የመጣው አይስሮኬት እንደዚሁ ለአዲስነት የቆመ ነበር። ብሎግፐልስ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ፤ አንድ ስም በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደተነሣ በሥዕል መስመር ያሳይ ነበር። በእኔ አስተያየት ለንግድ ሰው ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚ የነበረው ይህ ነው። መስመሩ ድንገት ሽቅብ ሲወጣ የታየ እንደሆነ እያንዳንዱን ጽሑፍ ሳያነቡ እንኳ አንድ ነገር መድረሱ ይታወቃል።

ፐብሰብ የሚባለው አሠራሩን በመላው ስለ ገለበጠው ለብቻው መነሣት ይገባዋል። ሌሎቹ ጽሑፎቹን አከማችተው ጥያቄውን ይጠብቃሉ፤ ፐብሰብ ግን ጥያቄዎቹን አከማችቶ ጽሑፎቹን ይጠብቅ ነበር። ነጋዴው የዕቃውን ስም አንድ ጊዜ ያስመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ ጽሑፍ ከተመዘገቡት ጥያቄዎች ጋር ይተያያል፣ የተስማማ እንደሆነ ወዲያው ይላክለታል። ለመድረስ ፍጥነት ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ጉድለቱ ያለፈውን አለማወቁ ነው፤ ዛሬ የተመዘገበ ሰው ትናንት የተጻፈውን አያገኝም። ድርጅቱ በ2006 ፈረሰ፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም።

ጉግል የራሱን የብሎግ መፈለጊያ የከፈተው ሴፕቴምበር 14 ቀን 2005 ነው። በመልስ ፍጥነት ማንም አልተወዳደረውም፤ ዝርዝሩንም በቀን ወይም በተገቢነት ተራ አድርጎ መመልከት ይቻል ነበር። ሆኖም መጀመሪያ ላይ የሚመዘግበው ፊዱን ብቻ ነበርና፣ ፊዱ የጽሑፉን መግቢያ ብቻ የያዘ ከሆነ ከመግቢያው በታች የተጻፈው የነጋዴው ስም አይገኝም። ማውጫውም ከተከፈተበት ዓመት በፊት የነበረውን እምብዛም አያውቅም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገጹን በሙሉ መመዝገብ ሲጀምር ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ተከተለ፤ በገጹ ጎን የተደረደሩት የሌሎች ብሎጎች ስሞች ሁሉ እንደ ጽሑፉ ቃል ተቆጠሩ። ስለ አንድ ድርጅት ምንም ያልጻፈ ብሎግ፣ ስሙ በጎኑ ስለተለጠፈ ብቻ በዝርዝሩ ላይ ይወጣ ጀመር። ያልተሟላውን ለማሟላት ሲባል ያልተጣራው ገባ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የሐሰት ብሎግ ነበር። ገጽ ማውጣት ነጻና ቀላል በመሆኑ፣ ማስታወቂያ ለመሸጥ ወይም የአንድን ድረ ገጽ ተሰሚነት በሐሰት ለማሳደግ የሚፈልጉ ሰዎች በኮምፒዩተር ብቻ የሚጻፉ ብሎጎችን በሺህ የሚቆጠሩ ያወጡ ጀመር። ለእነዚህም ስፕሎግ የሚል ስም ወጣላቸው። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የባልቲሞር ካውንቲ ተመራማሪዎች በዚያ ዘመን የማንኳኳቱን መልእክት መርምረው፣ ከእንግሊዝኛ ብሎጎች ከሚመጣው ፒንግ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ከስፕሎግ የሚመጣ ሆኖ አገኙት። አስተውሉ፤ ፈጣን እንዲሆን ተብሎ የተከፈተው በር ነው ለአታላዩ ሰፊ መንገድ የሆነው። እውነተኛው ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ ሲያንኳኳ ሐሰተኛው በየደቂቃው ያንኳኳል፤ በቀን ተራ በሚደረደር ዝርዝር ላይም ከላይ የሚቀመጠው እርሱ ነው።

መፈለጊያው ይህን ለመከላከል ቢፈልግ ጊዜ ያስፈልገዋል። ብሎጉን ማን ጠቀሰው፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ ይጻፋል፣ ቃሉ ከሌላ የተቀዳ ነው ወይ ብሎ መመርመር አለበት። አዲስ ጽሑፍ ደግሞ በተፈጥሮው ጠቃሽ የለውም፤ ገና አሁን ወጥቷልና። ስለዚህ በጥቅስ ብዛት የሚመዝን መፈለጊያ የትናንቱን ጽሑፍ በሚገባ ይመዝናል፤ ከአምስት ደቂቃ በፊት የወጣውን ግን ሊመዝነው አይችልም። ፍጥነትና ትክክለኛነት የሚጣሉበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ጽሑፉን ሳይሆን ጸሐፊውን መመዘን ነው፤ የቀድሞው ጽሑፉ የታመነ ብሎግ አዲሱም ለጊዜው ይታመንለታል። ነጋዴ ለአዲስ ደንበኛ ዱቤ ሲሰጥ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ትክክለኛነት የምንለውስ እንዴት ይለካል? ይህ ጥያቄ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። በእንግሊዝ አገር በክራንፊልድ የአቪዬሽን ኮሌጅ የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ የነበረው ሲረል ክሌቨርደን በ1960ዎቹ 1,400 የምርምር ጽሑፎችን ሰብስቦ፣ ጥያቄዎችን አዘጋጅቶ፣ ለያንዳንዱ ጥያቄ የሚስማማው ጽሑፍ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ በሰው አስመረመረ። ከዚያ በኋላ ልዩ ልዩ የማውጫ ዘዴዎችን በዚህ ሚዛን ፈተነ። ሁለቱ መለኪያዎች ዛሬም የሚሠራባቸው ናቸው፤ አንዱ መሟላት ሲሆን ሁለተኛው መጣራት ነው።

በምሳሌ እናስረዳ። ስለ አንድ የሻይ ቅጠል አስመጪ የተጻፉ 20 ጽሑፎች አሉ እንበል። የመጀመሪያው መፈለጊያ 15 ጽሑፎች አቅርቦ ከእነርሱ 12ቱ በእውነት ስለ አስመጪው የተጻፉ ቢሆኑ፣ መሟላቱ ከ20 12 ወይም 60 በመቶ፣ መጣራቱ ከ15 12 ወይም 80 በመቶ ነው። ሁለተኛው 60 አቅርቦ 18ቱ ትክክለኛ ቢሆኑ፣ መሟላቱ 90 በመቶ፣ መጣራቱ ግን 30 በመቶ ብቻ ነው። የትኛው ይሻላል? ለመልሱ የፈላጊውን ጉዳይ ማወቅ ያስፈልጋል። ቅሬታ የሚፈልግ ሰው አንዱም እንዳያመልጠው ስለሚሻ 42 የማይረባ ጽሑፍ መግፋት ቢኖርበትም ሁለተኛውን ይምረጥ። የገበያ ዋጋ ለማወቅ የሚፈልግ ግን ጥቂትና የተጣራ ይበቃዋል፤ 42 የተሳሳተ ዋጋ ያለበት ዝርዝር ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል።

ይህን ሚዛን በብሎግ ላይ በይፋ የሞከረው የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ትሬክ በሚባለው ዓመታዊ ጉባኤው ነው። ከ2006 እስከ 2010 ድረስ ለብሎግ የተለየ ክፍል ነበረው። ለመነሻ ያገለገለውን ስብስብ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ከዲሴምበር 2005 ጀምሮ በ11 ሳምንት ውስጥ አዘጋጀ፤ 100,649 ፊዶችና ከ3.2 ሚሊዮን የማያንሱ ጽሑፎች ነበሩበት። ሥራው እውነተኛውን ዓለም እንዲመስል 18,000 ያህል ስፕሎጎች ሆን ተብሎ ገብተውበታል። ለተወዳዳሪዎቹ የቀረበው ጥያቄ «ስለዚህ ነገር የተጻፈውን አምጡ» የሚል ብቻ አልነበረም፤ «ሰዎች ስለዚህ ነገር ያላቸውን አስተያየት አምጡ» የሚል ነበር። ይህ የነጋዴው ጥያቄ ራሱ ነው። የተገኘው ውጤት ግን ብዙዎችን አስገርሟል፤ አስተያየትን ለይቶ ለማወቅ የተደረገው ድካም የጨመረው ጥቅም መጠነኛ ሲሆን፣ መጀመሪያውኑ ርእሱን በሚገባ የሚያገኝ መፈለጊያ አስተያየቱንም በብዛት ይዞ ይመጣ ነበር።

የሆነ ሆኖ ይህ ፈተና የሚመዝነው ከሁለቱ አንዱን ብቻ መሆኑን መዘንጋት የለብንም። ስብስቡ ተዘግቶ የተቀመጠ ስለሆነ መሟላትንና መጣራትን ይለካል፤ ጽሑፉ በስንት ደቂቃ እንደደረሰ ግን አይነግረንም። የመድረስን ፍጥነት ለመለካት ማንኛውም ሰው በቤቱ ሊያደርገው የሚችል ቀላል ዘዴ አለ። በየትም ቋንቋ የሌለ፣ ከዚህ በፊት ያልተጻፈ አንድ ቃል ይፈጠራል፤ ቃሉ በራስ ገጽ ላይ ወጥቶ ሰዓቱ ይመዘገባል፤ ከዚያም በየመፈለጊያው በየሩብ ሰዓቱ እየጠየቁ መጀመሪያ የታየበትን ሰዓት መጻፍ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ መሞከር አይበቃም፤ በሥራ ቀንና በእሑድ፣ በታወቀ ገጽና ባልታወቀ ገጽ ላይ መደጋገም ያስፈልጋል። የታወቀው ገጽ በደቂቃ ሲታይ ያልታወቀው ቀናት ሊፈጅ ይችላልና።

የመሣሪያዎቹ ፍጻሜ ይህን ይመስላል። አይስሮኬት በ2011 ሜልትዋተር ለተባለ ድርጅት ተሸጠ። ብሎግፐልስ በጃንዋሪ 2012 ተዘጋ። ቴክኖራቲ በሜይ 2014 የብሎጎችን ምዘና ተወ፤ የጉግል የብሎግ መፈለጊያ ገጽም በዚያው ዓመት ተነሣ። ምክንያቱ ሁለት ነው። ጠቅላላው መፈለጊያ ራሱ በደቂቃ ውስጥ የሚያድስ ስለሆነ የተለየ መሣሪያ ማቆም አላስፈለገም፤ ሕዝቡም አስተያየቱን ከብሎግ ወደ ፌስቡክና ወደ ቴሌግራም አዛወረ። እዚያ በተዘጋ ቡድን ውስጥ የሚባለውን የውጭ ፈላጊ ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ዛሬ ያለው ፍለጋ ከቀድሞው ይልቅ ፈጣን ቢሆንም፣ መሟላቱ የቀነሰ መሆኑን እኔ በበኩሌ አልጠራጠርም።

ለአማርኛ ጸሐፊና አንባቢ ግን ጉዳቱ ከዚህ ቀደም ብሎ ነው የደረሰው። ቴክኖራቲ በ2009 ከእንግሊዝኛ በቀር በሌላ ቋንቋ የተጻፉ ብሎጎችን መመዝገብ አቆመ። በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ተቀምጦ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በዚያ ሚዛን ላይ እንደሌለ ተቆጠረ። ከዚያም በፊት ቢሆን ነገሩ የተደላደለ አልነበረም። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ የአማርኛ ጽሑፍ በየድርጅቱ ልዩ የፊደል ገበታ ወይም እንደ ሥዕል ተደርጎ ይወጣ ስለነበር፣ ለመፈለጊያው ትርጉም የሌለው ምልክት ነበር።

ዛሬ ፊደሉ ይነበባል፤ አጻጻፉ ግን አሁንም ያሳስታል። በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች መኖራቸው የታወቀ ነው። «ፀሐይ» የሚለው ስም በሁለቱ ጸዎችና በልዩ ልዩ ሐዎች ሲጻፍ ከስድስት የማያንስ መልክ ይኖረዋል፤ ራብዑ ሲጨመር ደግሞ ወደ አሥራ ሁለት ይደርሳል። ደንበኛው «ጸሀይ» ብሎ የጻፈውን ወቀሳ «ፀሐይ» ብሎ የሚፈልግ ነጋዴ፣ መፈለጊያው ፊደሎቹን የሚያስተካክል ካልሆነ በቀር አያገኘውም። ሁሉን አንድ አድርጎ መመዝገብ መሟላትን ይጨምራል፤ መጣራትን ግን ይቀንሳል። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን ሌባ የሠራውን ሥራ ነው። ለትግርኛ ደግሞ ሐና ሀ፣ ዐና አ በድምፅም የተለያዩ ስለሆኑ ለአማርኛ የተሠራውን ማስተካከያ ለእርሱ ማዋል ቃላትን ማደባለቅ ነው።

ሁለተኛው ችግር በቃሉ ፊት የሚለጠፈው ፊደል ነው። «ቡና» ብሎ የሚፈልግ ሰው «የቡና»፣ «ለቡና»፣ «ከቡናችን» የሚሉትንም ማግኘት ይፈልጋል፤ «ቡናማ» ቀለም ያለውን ጫማ ግን አይፈልግም። መሣሪያው በ፣ ለ፣ ከ የሚሉትን ሁሉ ከቃል ፊት ይቁረጥ ቢባል፣ ከበርበሬ በን፣ ከለውዝ ለን፣ ከከሰል ከን ቆርጦ «ርበሬ»፣ «ውዝ»፣ «ሰል» የሚባል በየትኛውም ገበያ የማይሸጥ ዕቃ ይመዘግባል። ስለዚህ ለአማርኛ የሚሠራ መፈለጊያ ቃሉ ከመዝገበ ቃላት ጋር እንዲተያይ ያስፈልገዋል፤ ያም ጊዜ ይፈጃል።

የንግድ ቤቱን ስም ለመከታተል የሚፈልግ ሰው አሁን የሚገለገልበት፣ እንደ ፐብሰብ ጥያቄውን የሚያስመዘግብ አገልግሎት አለ። የጉግል ማስታወቂያ ከ2003 ጀምሮ ይሠራል፤ አዲስ ነገር ሲገኝ በኢሜይል ይልካል። ሲመዘገብ «ወዲያው»፣ «በቀን አንድ ጊዜ» ወይም «በሳምንት አንድ ጊዜ» የሚል ምርጫ ይቀርባል፤ ለድርጅቱ ስም የመጀመሪያውን፣ ለሸቀጡ ስም ሁለተኛውን መምረጥ ይሻላል። ስሙ ሁለት ቃል ከሆነ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይግባ፤ ያለዚያ ሁለቱ ቃላት ተለያይተው የሚገኙበት ገጽ ሁሉ ይመጣል። ስሙ በሕዝብ ዘንድ የሚጻፍበት መልክ ሁሉ፣ በትክክል የተጻፈውም ያልተጻፈውም፣ በላቲን ፊደል ሰዎች የሚጽፉትም ጭምር፣ ለየብቻው ይመዝገብ። በተለይ ፀ፣ ሠ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ዐ ያለበት ስም የያዘ ነጋዴ፣ ትክክለኛው አጻጻፍ ምንም የሚያስከብር ቢሆን፣ ደንበኛው በስልኩ ላይ ሲጽፍ የሚቀናው ቀላሉ ፊደል መሆኑን ያስብ።

ቀንን በሚመለከትም መፈለጊያው የሚደረድረው በፊዱ ወይም በገጹ ላይ በተመዘገበው የአውሮፓ ቀን ነው። በጽሑፉ ውስጥ «በ2009 ዓ.ም.» ተብሎ የተጻፈውን የኢትዮጵያ ዘመን እንደ አውሮፓ 2009 አድርጎ ሊወስደው ስለሚችል፣ ከ2016 ወይም ከ2017 የሆነው ነገር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት አሮጌ መስሎ ከዝርዝሩ በታች ይቀራል። ስለ ራሱ ዕቃ በድረ ገጽ የሚጽፍ ነጋዴ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ቢያሰፍር ይህ ችግር አይደርስበትም።